ባሌን ከቤት ያስወጣው ሙቀት

ባሌ ከቤት የወጣብኝ በማዝጋን ምክንያት ነው። ማዝጋን የምላችሁ ያ እዚህ እስራኤል አገር ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በበጋ የሚያቀዘቅዘው፣ በክረምት የሚያሞቀው ዕቃ ነው። የሌላው ሰው ባል በመጠጥ ይወጣል፣ በቁማር ይወጣል፣ በሌላ ሴት ይወጣል። እንዲህ ያለችው ሴት ቢያንስ ለዘመድ የምታወራው ነገር አላት። የእኔ ባል ግን በብርድ ወጣ። የሚስቅ ይሳቅ፤ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ። የሚቆጨኝ ከሳቅሁ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። አድማሱ ይባላል። ነስ ጺዮና ከተማ ውስጥ የበረዶ ዓሣ የሚቀመጥበት አንድ መጋዘን አለ፤ እዚያ ነው የሚሠራው። ወፍራም ካፖርት ለብሶ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ ከበረዶ ውስጥ ካርቶን ሲያወጣና ሲያስገባ ይውላል። ቤት ሲመጣ ጣቶቹ እስኪፍታቱ ድረስ የሻይ ብርጭቆ አቅፎ ይቀመጣል። ይህ ሰው ከዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ሞቅ ያለ ቤት ነው። እኔም ለብዙ ዘመን ሞቅ ያለ ቤት ሰጥቼዋለሁ። ራሴን ማመስገኔ አይደለም፤ እኔም ብርድ አልወድም ነበር። ኦሺዮት ሰፈር ወዳለው አዲሱ ፎቅ ቤታችን ስንገባ ሌላው ሰው ስለ አሳንሰሩ ሲጠይቅ እኛ የጠየቅነው ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ ነበር።

ነገሩ የጀመረኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው። እኔ የምሠራው ማዖን ነው፤ እናቶቻቸው ሥራ ሲሄዱ ሕፃናት የሚውሉበት ቤት። ከዚያ ስመለስ፣ ውጭ ዝናብ እየዘነበ፣ ሰው ሁሉ ካፖርቱ ውስጥ ተሸጉጦ፣ ድንገት ከደረቴ እሳት ተነሣ። ወደ አንገቴ ወጣ፣ ወደ ፊቴ ወጣ፣ ጆሮዬ ድረስ ደረሰ። ካፖርቴን አወለቅሁ። ሻሼን ፈታሁ። ሹራቤን ማውለቅ ስጀምር ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሽማግሌ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ የት ድረስ እንደምሄድ በምን ያውቃል? መስኮቱን ከፈትኩ፤ ከኋላዬ ያለችው ሴት ዘጋችው። ደግሜ ከፈትኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ ደህና መሆኔን ጠየቀ። እዚህ አገር የአውቶቡስ ሾፌር ስለ ጤናሽ ከጠየቀሽ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። ከዚያ እሳቱ እንደ አመጣጡ ድንገት ሄደ፣ በላብ የራሰው ገላዬ ላይ ብርድ ገባ፣ ተንቀጠቀጥኩ። ያወለቅሁትን ሁሉ አንድ በአንድ መልሼ ስለብስ ሽማግሌው ከበፊቱም የባሰ ተጨነቀ።

ልቤ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሊሞት ያለ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው ብዬ ወደ ኩፓት ሆሊም፣ ወደ ሰፈራችን ሕክምና ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በዕድሜ ልጄ ሊሆን ይችላል። ገና ከመቀመጤ ዕድሜዬን አየና የወር አበባዬ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደመጣ ጠየቀኝ። እኔ ይህን እንኳን ለእሱ ለባሌም ተናግሬ አላውቅም። ከቀረ ከረመ፤ ሲቀርም ለማንም ሳልናገር ዝም ብዬ ተገላገልኩ ነው ያልኩት። ስለዚህ የመጣሁት ጉልበቴን አሞኝ ነው አልኩት። ውሸትም አልነበረም፤ ጠዋት ስነሣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይል ነበር። የሚቀባ ነገር ሰጠኝ። በሌላ ቀን በዚያው በሙቀቱ ነገር ሄድኩና ስለ ትከሻዬ ነገርኩት፤ እጄን አንሥቼ ልብስ ማስጣት አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ስለ ጣቶቼ፣ ከዚያ ስለ ወገቤ። አጥንቶቼን በየተራ እያስተዋወቅሁት፣ ዋናውን ነገር ሳልነግረው ክረምቱ ተጋመሰ።

ጭንቅላቴም የራሴ መሆኑን ትቶ ነበር። አንድ ጠዋት ልጥለው የያዝኩትን የቆሻሻ ከረጢት ደረቴ ላይ አቅፌ ማዖን በር ላይ ደረስኩ። ቦርሳዬ ከነመነጽሬ ከነቁልፌ ከቤታችን ሥር ካለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነበር። የዚያን ቀን የአድማሱ ሥራ ከሰዓት በኋላ ስለነበረ ደወልኩለት። ገንዳው ውስጥ ገብቶ አወጣልኝ፤ ጎረቤት እያየው። አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ሙዟን ለሁለት ከፍላ ግማሹን የሰጠችኝ ሕፃን ደግሞ አስለቀሰችኝ፤ ስታየኝ እሷም አለቀሰች፣ ከዚያ ክፍሉ ሁሉ አለቀሰ። ቤት ስገባ ደግሞ ማንኪያ ሲወድቅ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ጩኸቴን ራሴ ሰምቼ ይቺ ማን ናት እል ነበር።

እንግዲህ ማዝጋኑ ላይ ደረስን። በዚያ ክረምት ጎረቤቶቻችን ሁሉ ማዝጋናቸውን ለማሞቅ ሲከፍቱ እኔ ለማቀዝቀዝ ከፈትኩ። አድማሱ መጀመሪያ ተሳስቼ መስሎት አስተካከለው። መለስኩት። ብርድ ልብስ ደረበ፣ ጋቢ ደረበ፣ በመጨረሻም የመጋዘኑን ካፖርት ቤት ይዞ መጣ። አንድ ቀን ቆቡን እስከ ቅንድቡ እየሳበ፣ እዚያ ሲበርደኝ ደመወዝ አለው አለኝ። ለቀልድ ነበር። እኔ ግን ስድብ አድርጌ ሰማሁትና ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩት። ከዚያ ሪሞቱን መደባበቅ ጀመርን። እሱ በጫማው ውስጥ ደበቀው፤ እኔ አገኘሁና በጤፍ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት። ከዚያ በኋላ ሪሞቱ ነጭ ሆነ፤ ማቀዝቀዝ እንጂ ማሞቅ እምቢ አለ። ይህንም እኔ ሆን ብዬ ያደረግሁት መሰለው።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ምን ሆነሻል ብሎ የጠየቀኝ ጊዜ ነበር። ምንም አልሆንኩም አልኩት። ምን ልበለው? በዕብራይስጥ ቃሉን አላውቀውም፣ በአማርኛ የማውቀው ቃል ደግሞ ለወንድ የሚነገር አይደለም። ወደ ግድግዳው ዞሬ ብርድ ልብሱን ገፍፌ ተኛሁ።

ከዚያ አድማሱ መታጠብ አበዛ። ከሥራ ሲመጣ ይታጠባል፣ ከእራት በኋላ ይታጠባል። ቀጥሎ ደግሞ ሽቶ ገዛ። በትዳር በኖርንበት ዘመን ሁሉ ከሳሙና በቀር ሌላ ነገር የማያውቅ ሰው ሽቶ ገዛ። ሽቶው ደግሞ አፍንጫ የሚያቃጥል ነው፤ ሲሸተኝ ሙቀቱ ይነሣብኛል፣ ተነሥቼ መስኮት እከፍታለሁ። እኔ የገባኝ ምን መሰላችሁ? ሌላ ሴት አለች። መጋዘኑ ውስጥ የሚሠሩትን ሴቶች በሐሳቤ ሁሉንም በየተራ ዳርኩለት። ካፖርቱን ስፈትሽ ከኪሱ የወጣው የብርድ ጓንት ብቻ ነው። ጓንቱንም ጠረጠርኩት።

የፈነዳው ዓርብ ቀን ምሳ ላይ ነው። ወንድሙ ታከለና ሚስቱ ትርንጎ ከቂርያት ዔቅሮን መጥተው ነበር። ትርንጎ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ነገር አይታ ዝም የምትል ሴት ናት። ወጡን እያወጣሁ ሳለ ሙቀቱ መጣ። ፊቴ ቀላ፣ ላቤ ከአገጬ ወደ ሳህኑ ሊንጠባጠብ ደረሰ። የበረንዳውን በር ከፍቼ ተመለስኩ። ንፋሱ የጠረጴዛውን ጨርቅ አነሣው። አድማሱ ሳለ፤ ጉንፋን ከያዘው ቆይቶ ነበር። ከዚያ ለወንድሙ እየሳቀ፣ የእኔ መጋዘን ለካ ከዚህ ቤት ይሻላል፣ እዚያ ቢያንስ በሩ ይዘጋል አለው። ታከለ ሳቀ። እኔ ጭልፋውን እንደያዝኩ እንዲህ አልኩ፦

«ሙቀት የሚፈልግ ሰው ሌላ ቤት ይፈልግ።»

በታናሽ ወንድሙ ፊት ነው ያልኩት። ቀስ ብዬም አልነበረም። ትርንጎ ወደ ሳህኗ አየች። አድማሱ የያዘውን ጉርሻ ዋጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ምግቡን አመሰገነ፤ እንደ እንግዳ ነው ያመሰገነው። ሲሄዱ አብሯቸው ሄደ። ካፖርቱን ትቶልኝ ነው የሄደው። ከእኔ ቤት ከወጣ፣ ቤት ውስጥ ካፖርት እንደማያስፈልገው ገባኝ።

ሰንበትን ብቻዬን በማዝጋኑ ሥር ዋልኩ። እንደ ልቤ አቀዘቀዝኩት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ወሬው ከእኔ በፊት ገበያ ደረሰ። አሽዶድ ያለችው አክስቴ ደውላ፣ ሰውየው ጠጪ እንደነበረ ድሮም ጠርጥሬ ነበር አለችኝ። አይጠጣም ስላት፣ እንግዲያስ የሚደበድብሽ ከሆነ አትደብቂኝ አለች። እሱንም አይደለም ስላት፣ አንቺ ነሽ ማለት ነው ብላ ስልኩን ዘጋችው። ለቅሶ ቤት ስሄድ ሴቶቹ ከሟች ቤተሰብ ይልቅ እኔን አጽናኑኝ። ልጃችን ሚካል ወታደር ናት፤ ከጦር ሰፈሯ ደወለች። «ኢማ፣ ዜ ሆርሞኒም» አለችኝ፤ እማዬ፣ ሆርሞን ነው ማለቷ ነው። ሆርሞን ሲባል እኔ የማውቀው ለዶሮ ይሰጣል ሲባል ነው። እናትሽ ዶሮ አይደለችም አልኳት፤ ተቀየምኳት።

ቀጥሎ ሽማግሌዎች መጡ። አባ ወርቁና አባ ፈንታ ናቸው፤ ኢትዮጵያም እዚህም ስንት ቤት የታረቀው በእነሱ ነው። ጋቢያቸውን በካፖርታቸው ላይ ደርበው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። በረንዳው ክፍት ስለነበረ ጋቢውን እስከ ጆሯቸው ሳቡት። አባ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«ልጄ፣ ይመታሻል?»

«አይመታኝም፣ አባ።»

«ይጠጣል?»

«ከሻይ በቀር አይጠጣም።»

«ታዲያ ምን አድርጎሽ ነው?»

«ይበርደዋል» አልኳቸው።

ሁለቱ ተያዩ። እኔም ንግግሬ ለራሴ ሲሰማኝ አፈርኩ። ግን ሌላ ምን ልበላቸው? አባቴ ከሚሆኑ ሰዎች ፊት ተቀምጬ የሴት ነገር ላውራ? በዚህ መሐል ሙቀቱ፣ እንደተጠራ ሰው፣ ከች አለ። የሚቀመስ ላምጣላችሁ ብዬ ወደ ማድቤት ሮጥኩና የፍሪጁን የበረዶ ክፍል ከፍቼ ጭንቅላቴን አስገባሁ። ያም አልበቃኝም፤ የበረዶ አተር ከረጢት አውጥቼ ግንባሬ ላይ ጫንኩ። ዞር ስል አባ ፈንታ ውኃ ሊጠይቁኝ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ከነአተሬ አዩኝ። ወደ ኋላቸው ተመለሱና ለአባ ወርቁ በሹክሹክታ፣ ይህቺስ ዛር ሳይኖርባት አይቀርም አሏቸው። አባ ፈንታ ጆሯቸው ስለሚከብድ ሹክሹክታቸው ደረጃው ድረስ ይሰማል።

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ኋላ ልቅሶው ተከተለ፣ ማቆም አቃተኝ። አባ ወርቁ አለቃቀሴን ሲያዩ ድሮ በእርሻ ድንበር ላይ እንደሚፈርዱት ፈረዱ። ማዝጋኑ ሃያ አራት ዲግሪ ላይ ይሁን፣ ከዚያ ወዲያም ወዲህም አይሂድ፣ ሰውየውም ወደ ቤቱ ይግባ። ፍርዱን ተቀበልኩ። አድማሱም ፍርዱን ሲነግሩት ቤሰደር፣ እሺ ብሏል አሉ። ግን አልመጣም።

በማግሥቱ የመጣችው ትርንጎ ናት። አባ ፈንታ ዛሩንም አተሩንም ቤቷ ድረስ ሄደው አውርተውላት ነበር። ገብታ ተቀመጠች፣ የቤቱን ቅዝቃዜ በክንዷ ዳሰሰችና፣ አርጠሻል እንዴ አለችኝ። እንዲሁ በግልጽ። ያን ቃል ከሰው አፍ ስሰማ እንደዚያ የሚያሳርፍ አይመስለኝም ነበር። ሙቀቱንም፣ ጉልበቱንም፣ ልቅሶውንም ነገርኳት። እያንዳንዱን ስነግራት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ሁሉንም ታውቀዋለች። እሷም ሲይዛት ታከለ አብዳለች ብሎ ለወንድሙ ነግሮ ነበር፤ ወንድሙ አድማሱ ደግሞ ነገሩን ሰምቶ፣ ምን እንደሆነ ሳይገባው፣ ረስቶታል።

እዚያ አገር ቢሆን በመርገም ጎጆ ውስጥ ሰምተሽው ነበር አለችኝ። ለማያውቅ ልንገር፤ በእኛ መንደር ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤቷ ወጥታ ከመንደሩ ዳር ባለ ጎጆ ትቀመጥ ነበር፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር። እዚህ ስንመጣ ጎጆው ቀረልን፤ ብርዱ፣ ቁንጫው፣ ምግብ ከሩቅ ተቀምጦልን እንደ በሽተኛ መብላቱ ሁሉ ቀረ። እሰይ ብለናል፣ ዛሬም እሰይ እላለሁ። ግን ሴት ከሴት የምታወራው ወሬም አብሮ ቀረ። እኔ ከዚያ የወጣሁት ገና ሙሽራ ሳለሁ ነው፤ የሰማሁት ስለ መውለድ ብቻ ነበር። ወሬው ማረጥ ላይ ሳይደርስ ተነሥተን መጣን።

ትርንጎ በዚያ ዓርብ ፊቴ ሲቀላ ገብቷት ነበር። ወንዶቹ ስለነበሩ አፍራ ዝም አለች። ይቅር በይኝ አለችኝ። ሁላችንም አፍረን ዝም ስንል አንድ ቤት ፈረሰ።

ያላ፣ ተነሺ እንሂድ ብላ ወደ ሴቶች ሐኪም ወሰደችኝ። ሐኪሟ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ ይህም ግማሽ መድኃኒት ሆነልኝ። ሁሉንም ከጠየቀችኝ በኋላ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፦ ሆርሞኑ ሲቀንስ ሰውነት ሙቀትና ቅዝቃዜውን መለካት ይሳሳታል፣ እንቅልፍ ይረበሻል፣ መገጣጠሚያ ያማል፣ ሆድ ይብሳል። በሽታ አይደለም፣ እብደትም አይደለም፤ አንዳንዷን ቶሎ ይለቃታል፣ ሌላዋ ላይ ዓመታት ይቆያል። ምርመራ አዘዘች፣ ውጤቱን አይታ የሚስማማኝን መድኃኒት ሰጠችኝ፣ በየቀኑ በእግሬ እንድሄድ ነገረችኝ። ልወጣ ስል ባልሽ ያውቃል ወይ አለችኝ። በሩን ይዤ ቆምኩ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቂርያት ዔቅሮን ሄድኩ። አድማሱ በወንድሙ ግቢ ውስጥ፣ የክረምቷ ፀሐይ በምታርፍበት ጥግ፣ የተገለበጠ ወንበር እግር ይጠግን ነበር። ያ ሽቶ ከሩቅ ሸተተኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር በአውቶቡስ ሳጠና መጥቻለሁ፤ ሁሉም ጠፋብኝ።

«አድማሱ» አልኩት፣ «እኔ አንተን ጠልቼ አይደለም። አርጬ ነው። የሚነደው ገላዬ ነው።»

መዶሻውን አስቀመጠ። 

«እኔ ደግሞ የዓሣው ሽታ ነው ብዬ» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። ብርድ ልብሱን ገፍፌ ስዞርበት፣ ሲጠጋኝ ተነሥቼ መስኮት ስከፍት፣ ስንት ዘመን የቻለችው የዓሣ ሽታ በመጨረሻ አስጠላት ብሎ አሰበ። መታጠቡም ለዚያ ነው። በሎሚ ሳይቀር ታጥቧል። ሽቶውንም ሱቅ ገብቶ፣ ዓሣ የሚያጠፋ ስጡኝ ማለት አፍሮ፣ ጠንከር ያለ ብሎ ነው የገዛው። ሌላ ቤት ይፈልግ ስለው ደግሞ ያው፣ በሰው ፊት የነገረችኝ ሽታዬን ነው ብሎ ወሰደው።

እኔም ስለ ሌላዋ ሴት ነገርኩት። ጓንቱን መፈተሼን ሲሰማ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። አብረን ሳቅን። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን እኔ ስለሌለች ሴት ሳስብ፣ እሱ ስለ ዓሣ ሲያስብ ከርመናል። ሳቃችን ሲያልቅ፣ «ብትነግሪኝ ኖሮ» አለና አልጨረሰውም። ወንበሩን አንሥቶ መጠገን ቀጠለ።

ከፋሲካ በፊት ወደ ቤቱ ገባ። ሚካል ለበዓሉ መጥታ ነበርና ነገሩን በወታደር ደንብ ፈታችው። እኔ የለሁም፣ አባ በእኔ ክፍል ይተኛ፣ ማሞቂያም አለው፣ ኢማ በማዝጋኗ ትተኛ፣ ቤሰደር? ሁላችንም ቤሰደር አልን። አባ ወርቁ ሲሰሙ፣ ይኼስ ከእኔ ፍርድ ይበልጣል ብለው አደነቁ። አድማሱ ጉንፋኑ ለቀቀው፣ ሽቶውን ተወ። እኔም በየቀኑ በእግሬ እየሄድኩ፣ መድኃኒቴን እየተጠቀምኩ፣ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ሳሳልኝ። ጉልበቴ ዛሬም ይጮኻል፤ እሱን ለምጄዋለሁ። በቀጣዩ ክረምት ማዝጋኑን ለማቀዝቀዝ አንድ ጊዜም አልከፈትኩም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አድማሱ ሳሎን ተቀምጦ ብርቱካን ሲልጥ አጠገቡ ሄጄ፣ መኝታ ክፍላችን አሁን ደህና ነው፣ አይበርድም አልኩት። ከዚህ በላይ በግልጽ መናገር አልቻልኩም፤ ከሐኪሟ የተማርኩት ድፍረት እዚህ ላይ አለቀ። ብርቱካኑን ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ።

«ለመድኩት እኮ» አለኝ። ክፋት የለበትም አነጋገሩ። «አንቺም ጥሩ እየተኛሽ ነው። ለምን እንረባበሻለን?»

እውነቱን ነው አልኩት። ብርቱካኑን በላሁ።

ይኸው እንዲህ እንኖራለን። ጠብ የለም፣ ሪሞት የሚደብቅ የለም። ጠዋት ማድቤት ስንገናኝ፣ እንዴት አደርሽ ይለኛል። አጠገቤ ሲያድር እንዲህ ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር፤ እንዴት እንዳደርኩ ያውቅ ነበራ። ደህና አደርኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እለዋለሁ። አልዋሸሁትም። እውነትም ደህና ነው ያደርኩት፤ የሚቆጨኝም እሱ ነው።